ጥያቄና መልስ፦ ኮንፍላወር ለምን ይጠፋል? አበባውስ ለምን አረንጓዴ ይሆናል?

በአሜሪካ ግቢያችሁ ውስጥ ኮንፍላወር ከተከላችሁ አንባቢዎች ብዙ ጥያቄ ስለደረሰን የዚህን ዙር አምድ ሙሉ ለሙሉ ለእሱ ሰጥተነዋል። ተክሉ በሳይንሳዊ ስሙ ኤኪናሲያ ይባላል። ስሙ የተወሰደው ጃርት ከሚለው የግሪክ ቃል ነው፤ መሐል ላይ ያለውን ጉብ ያለ እምብርት በእጁ የዳሰሰ ሰው ምክንያቱን ወዲያው ይረዳል። ከአደይ አበባ፣ ከኑግና ከሱፍ ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። የትውልድ ቦታው የመካከለኛውና የምሥራቁ ሰሜን አሜሪካ ሣር ምድርና የጫካ ዳርቻ ሲሆን፣ እዚያ ማንም ውሃ አያጠጣውም፣ ማዳበሪያም አያለብሰውም። ይህን አስቀድመን የምናነሳው ከታች ካሉት ችግሮች ብዙዎቹ ከእንክብካቤ ብዛት የመጡ ስለሆኑ ነው። የወራት ስምና ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)፦ አምና በሴፕቴምበር መጨረሻ ሦስት ብርቱካንማ ኮንፍላወሮች በውድ ዋጋ ገዝቼ ተከልሁ። ያማሩ ነበሩ። ዘንድሮ አንዱም ከመሬት ብቅ አላለም። ብርዱ ገደላቸው?

መልስ፦ ብርዱ ብቻውን አይመስለንም። ኮንፍላወር ሚኒሶታ ውስጥ እንኳ በረዶ ለብሶ ውጭ ይከርማል። እርስዎ ዘንድ የምንጠረጥረው ሦስት ነገር ነው፦ ውሃ የያዘ አፈር፣ የዘገየ ተከላና የዝርያው ደካማነት።

መጀመሪያ የቀረውን ሥር ቆፍረው ያውጡና ይመልከቱ። ግንዱ ከሥሩ የሚገናኝበት አንገት ጠቁሮ፣ ለስልሶና ሸትቶ ከሆነ በስብሷል ማለት ነው። ሥሩ ደግሞ የተገዛበትን ፕላስቲክ የአበባ ድስት ቅርጽ እንደያዘ ተጠቅልሎ ከወጣ፣ ተክሉ አዲሱን አፈር ሳይይዝ ዊንተር ደርሶበታል። ሁለቱን አብሮ ማየትም የተለመደ ነው።

የሜሪላንድና የሰሜን ቨርጂኒያ ቀይ ሸክላ አፈር በዊንተር ውሃ አቁሮ ይይዛል። ቦታዎን እንዲህ ይፈትኑት፦ 30 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ይቆፍሩ፤ ውሃ ሞልተው ይጠጣ፤ እንደገና ይሙሉትና በአንድ ሰዓት ምን ያህል እንደወረደ በማስመሪያ ይለኩ። ከ2.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከወረደ ቦታው ለኮንፍላወር አይሆንም፤ ወይ ይስተካከላል፣ ወይ ሌላ ቦታ ይፈለጋል። ለማስተካከል ከ5 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ኮምፖስት በመደቡ ሁሉ ላይ አልብሰው እስከ 25 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ከአፈሩ ጋር ያዋህዱት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ የችግኙን ጉድጓድ ብቻ በጥሩ አፈር ይሞላና ዙሪያውን ሸክላውን እንዳለ ይተወዋል። ያ ጉድጓድ ሳፋ ይሆናል፤ ከዙሪያው የሚመጣው ውሃ ሁሉ እዚያ ይጠራቀማል። ሸክላ ላይ አሸዋ መጨመርም አይመከርም፤ ሲደርቅ እንደ ጡብ ይጠነክራል። መደቡን ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ከፍ ማድረግ ከሁሉም የሚሻል መፍትሔ ነው። ከመቆፈርዎ ጥቂት ቀናት በፊት ደግሞ 811 ደውለው የጋዝና የመብራት መስመር በነፃ ያስመልክቱ።

ሲተክሉ የተክሉ አንገት ከአፈሩ ፊት እኩል ይሁን፤ በአፈር አይቀበር። በችግኞች መካከል ከ45 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ይተዉ። ጉዝጓዝ ካለበሱ ከ5 ሴንቲ ሜትር አይብለጥ፤ አንገቱንም አይንካ። የግቢ አትክልት ሠራተኞች ዛፍ ሥር እንደሚከምሩት ዓይነት የጉዝጓዝ ክምር ኮንፍላወርን ያበሰብሰዋል።

ስለ ጊዜው፦ ከኤፕሪል አጋማሽ እስከ ሜይ መጨረሻ መትከል ይሻላል። በፎል ከሆነ መሬቱ ከመቀዝቀዙ ቢያንስ ስድስት ሳምንት በፊት።

ስለ ዝርያው፦ ብርቱካንማና ቢጫ ኮንፍላወሮች በአብዛኛው የተገኙት የኦዛርክ ተራሮች ተወላጅ ከሆነው ቢጫ ኤኪናሲያ ፓራዶክሳ ጋር በማዳቀል ነው። ያ ተክል ደረቅ፣ ድንጋያማ ቦታ ይወዳል። ልጆቹም ውሃ በሚይዝ አፈር ላይ ዕድሜያቸው ያጥራል። ደግመው ከገዙ፣ አንድ ትልቅ አበባ ተሸክሞ ከቆመው ይልቅ ከሥሩ አራት አምስት ቡቃያ ያወጣውን ይምረጡ። በመጀመሪያው ሰመር እስከ ጁላይ አጋማሽ የሚያወጣውን የአበባ ዘንግ ሁሉ ይቁረጡ። ያስቆጫል፤ ነገር ግን ጉልበቱ ወደ ሥርና ወደ ጎን ቡቃያ ይሄዳል፣ ዊንተርን የሚያሻግረውም ያ ነው። ለጀማሪ የምንመክረው ግን ሐምራዊውን ኤኪናሲያ ፑርፑሪያን ነው። ማግነስ የሚባለው ዝርያ በ1998 በአሜሪካ የዓመቱ ምርጥ ቋሚ አበባ ተብሎ ተመርጧል። ደላዌር የሚገኘው ማውንት ኩባ ሴንተር ዝርያዎችን ጎን ለጎን ተክሎ ሲያነጻጽር ከፍ ያለ ነጥብ ካገኙት አንዱ ደግሞ ፒካ ቤላ ነው። እንደ ፖምፖም የተደራረበ አበባ ያላቸውን ግን ንብና ቢራቢሮ ለሚወድ ሰው አንመክርም፤ ምግቡ ያለበት እምብርት ወደ ቅጠልነት ስለተለወጠ ነፍሳቱ ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ።

ጥያቄ (አውሮራ፣ ኮሎራዶ)፦ በማርች ቤት ውስጥ 50 ዘር ዘራሁ፤ የበቀለው ስድስት ብቻ። ዘሩ አሮጌ ይሆን?

መልስ፦ ሊሆን ይችላል፤ ይበልጥ የምንጠረጥረው ግን ዘሩ ቅዝቃዜ ሳያገኝ መዘራቱን ነው። በተፈጥሮ ዘሩ በፎል ረግፎ፣ እርጥብ አፈር ላይ በብርድ ሰንብቶ ነው በስፕሪንግ የሚነቃው። ቤት ውስጥ ይህን በፍሪጅ መተካት ይቻላል።

የወጥ ቤት የወረቀት ፎጣ አርጥበው በደንብ ይጭመቁት፤ ሲነኩት እርጥብ ይሁን፣ ሲጨምቁት ግን ጠብታ አይውጣው። ዘሩን በላዩ በትነው ያጥፉት፤ ዚፕ ባለው ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ አድርገው ቀኑን ይጻፉበት። ፍሪጅ ውስጥ ለ30 ቀን ያስቀምጡት፤ ፍሪዘር ውስጥ አይሁን። በየሳምንቱ ከፍተው ይዩ፦ ከደረቀ ይርጩበት፣ ከሻገተ ወረቀቱን ይቀይሩ፣ ነጭ ሥር ካወጣ ወዲያው ይዝሩት። ሐምራዊው ኮንፍላወር አንዳንዴ ያለ ቅዝቃዜም ይበቅላል፤ የእርስዎ ስድስቱ የበቀሉት በዚህ ነው። በኮሎራዶ ሜዳ የሚገኘው ጠባብ ቅጠሉ አንጉስቲፎሊያ ግን ከ60 እስከ 90 ቀን ካልቀዘቀዘ እሺ አይልም።

ከዚያ በኋላ ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ብቻ አፈር አልብሰው፣ 21 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ በሆነ ክፍል ያቆዩት። ከ10 እስከ 20 ቀን ባለው ጊዜ ይበቅላል። ሲበቅል መብራቱን ከ8 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ላይ አድርገው በቀን 14 ሰዓት ያብሩለት፤ የመስኮት ብርሃን ብቻ ካገኘ ይሰልላል። ውሃውን ከላይ ከማፍሰስ ይልቅ ከታች ከሳህን ይጠጣ፤ ቡቃያ በአፈሩ ፊት ላይ ቀጥኖ ድንገት የሚወድቀው ከላይ ሁልጊዜ እርጥብ በሆነ አፈር ላይ በሚነሳ ሻጋታ ነው። ውጭ ከመትከልዎ በፊት ለ7 እስከ 10 ቀን በየቀኑ ጥቂት ሰዓት እየጨመሩ ከፀሐይና ከነፋስ ጋር ያለማምዱት።

ይህ ሁሉ ከበዛብዎ በኖቬምበር ዘሩን ውጭ መደብ ላይ በትነው በስሱ አፈር አልብሰው ይተዉት። ብርዱ ሥራውን ይሠራል። በየትኛውም መንገድ ቢሆን በመጀመሪያው ዓመት አብዛኛው ቅጠል ብቻ ነው የሚያወጣው፤ አበባውን በሁለተኛው ይጠብቁ።

ጥያቄ (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)፦ ከአምስቱ ተክሎቼ በሁለቱ ላይ አበባው አረንጓዴ ሆነ፤ ከእምብርቱ ላይ ደግሞ ትንንሽ ቅጠል በቀለ። ፎቶውን ልኬላችኋለሁ። መድኃኒት አለው?

መልስ፦ ይህን ምልክት የሚያመጡ ሁለት የተለያዩ ነገሮች አሉ፤ አንዱ ተክሉን ያስነቅላል፣ ሌላው አያስነቅልም። ስለዚህ መንቀያውን ከማንሳትዎ በፊት ተክሉን ሙሉውን ይመልከቱ።

የመጀመሪያው አስተር የለውስ የሚባለው በሽታ ነው። የሚያመጣው ፋይቶፕላዝማ የተባለ፣ ከባክቴሪያ ወገን የሆነ ግን ግድግዳ የሌለው ረቂቅ ሕዋስ ሲሆን፣ የሚኖረው የተክሉ ምግብ በሚተላለፍበት ቧንቧ ውስጥ ነው። የያዘው ተክል ሁለመናው ይታመማል፦ ይቀጭጫል፣ ቅጠሉ ቢጫ ወይም ቀላ ያለ ይሆናል፣ የአበባው ዙሪያ ቅጠል አንሶ አረንጓዴ ይሆናል፣ ከእምብርቱ ላይ ዘንግ ያለው አረንጓዴ ጉንጉን ይወጣል፣ ከግርጌውም እንደ መጥረጊያ የቀጠኑ ብዙ ቡቃያዎች ይበዛሉ።

ሁለተኛው ከመዥገር ዘመዶች የሆነች፣ በዓይን የማትታይ ተባይ በእምብርቱ ውስጥ ገብታ የምታደርሰው ጉዳት ነው። በዚህ ጊዜ የተበላሸው እምብርቱ ብቻ ነው፤ ላዩ ላይ እንደ ጽጌረዳ የተጠቀለለ ትንሽ አረንጓዴ ጉብታ ይታያል። ተክሉ ቁመቱ ደህና፣ ቅጠሉም ለምለም ነው። የዚህኛው መፍትሔ ቀላል ነው፦ የተጎዱትን አበቦች ቆርጠው በከረጢት ይጣሉ፤ በፎል መጨረሻ ላይ ደረቁን ሁሉ አጭደው ከግቢ ያውጡ።

በላኩት ፎቶ ላይ ቅጠሎቹ ቢጫ ናቸው፤ ሁለቱ ተክሎች ከሦስቱ በግማሽ ያንሳሉ፤ የአበባው ዙሪያም አረንጓዴ ነው። አስተር የለውስ ነው። መድኃኒት የለውም። ዛሬውኑ ከነሥራቸው ነቅለው በከረጢት አስረው ይጣሉ። ቢቆርጡት እንደገና ያቆጠቁጣል፤ ያቆጠቆጠውም ታማሚ ነው።

መዘግየት የማይገባው ስለሚተላለፍበት መንገድ ነው። ቅጠል ዘላይ የምትባለው፣ ፌንጣ የምትመስል ጥቂት ሚሊ ሜትር ርዝመት ያላት ነፍሳት የታመመውን ተክል መጥጣ ሁለት ሦስት ሳምንት ካለፋት በኋላ በሄደችበት ሁሉ ታስተላልፈዋለች። ፀረ ተባይ መርጨት ብዙም አይረዳም፤ ከሌላ ቦታ ሌላዋ ትመጣለች፣ የሚሞቱት ደግሞ ንቦቹ ናቸው። ጎንዎ ካሮት ወይም ሰላጣ ካለ ይከታተሉት፤ ሁለቱንም ይይዛል። ዳንደላዮንን የመሰሉ አረሞችም የበሽታው ማደሪያ ስለሆኑ ያርሟቸው። ደስ የሚያሰኘው በሽታው በአፈር ውስጥ አይቆይም፣ በዘርም አይተላለፍም፤ በነቀሉበት ቦታ ላይ በማግስቱ ጤነኛ ችግኝ መትከል ይችላሉ። በሰውና በእንስሳት ላይ ጉዳት የለውም።

ጥያቄ (ሴንት ፖል፣ ሚኒሶታ)፦ በጁላይ መጀመሪያ አበቦቹ በመቀስ የተቆረጡ ይመስል አንገታቸው ተሰብሮ ተንጠልጥለው አገኘኋቸው። ልጆቹን ተቆጣሁ፣ እነሱ አይደሉም።

መልስ፦ ልጆቹን ይቅርታ ይጠይቁ። ይህ የሱፍ አበባን አንገት የሚቆርጠው ጥቁር ነቀዝ ሥራ ነው። እንስቷ ከአበባው ጥቂት ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብላ ዘንጉን ዙሪያውን በቀዳዳ ትበሳሳና እንቁላሏን በተንጠለጠለው አበባ ውስጥ ትጥላለች። የተንጠለጠለውንም የወደቀውንም አበባ በየቀኑ ለቅመው ሳሙና ባለበት ባልዲ ውስጥ ይክተቱ። ትሉ አፈር ውስጥ ገብቶ ስለሚከርም ዘንድሮ የለቀሙት የከርሞውን ይቀንሳል። ተክሉ ራሱ አይሞትም፤ ከጎን ሌላ አበባ ያወጣል።

ቅጠሉን እንደ ወንፊት የሚበሳሳው አብረቅራቂው የጃፓን ጥንዚዛም በዚያው ወር ነው የሚመጣው። ማለዳ ሰውነቱ ሳይሞቅ በዚያው የሳሙና ውሃ ውስጥ ያራግፉት። የሚሸጠውን ማጥመጃ ከረጢት ግን አይስቀሉ፤ ከሚይዘው ይልቅ ከጎረቤት የሚጠራው ይበልጣል።

ጥያቄ (ዳላስ፣ ቴክሳስ)፦ ቁመቱ ከእኔ ሊስተካከል ነው፤ ግን ዝናብ ሲመታው ይተኛል። ማዳበሪያ አላጓደልሁበትም።

መልስ፦ ያስተኛው እሱ ነው። የሣር ማዳበሪያ ናይትሮጅን የበዛበት ስለሆነ ዘንጉን ያስረዝመዋል፣ አያጠነክረውም። ማዳበሪያ መስጠቱን ያቁሙ። በየስፕሪንጉ 2 ሴንቲ ሜትር ኮምፖስት ይበቃዋል። ፀሐይም በቀን ከስድስት ሰዓት ካነሰ ወደ ብርሃን እየተሳበ ይወድቃል። በከርሞው፣ አበባ ከመቋጠሩ በፊት፣ ቁመቱን በሲሶ ይከርክሙት፤ ሁለት ሦስት ሳምንት ዘግይቶ አጭርና ብዙ አበባ ይሰጥዎታል። አንድ ዓመት ከሞላው በኋላ ውሃ የሚፈልገው ድርቅ ሲበረታ ብቻ ነው፤ ያን ጊዜም በሳምንት አንዴ ጠልቆ የሚገባ።

ጥያቄ (ዋሽንግተን ዲሲ)፦ አፓርታማ ነው የምኖረው፤ በረንዳ ላይ በአበባ ድስት ይሆናል?

መልስ፦ በረንዳዎ ስድስት ሰዓት ፀሐይ ካገኘ ይሆናል። ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር ጥልቀትና ስፋት ያለው፣ ከሥሩ የተበሳ ድስት ይጠቀሙ፤ ኪምስ ኒ ሃይን የመሰለ አጭር ዝርያ ይምረጡ። በዊንተር ወደ ሞቀ ክፍል አያስገቡት፤ ማረፍ አለበት። ድስቱን ከግድግዳ አስጠግተው በአሮጌ ብርድ ልብስ ጠቅልሉት፤ አፈሩ ፈጽሞ ከደረቀ በወር አንዴ ጥቂት ውሃ ይስጡት።

ጥያቄ (ናሽቪል፣ ቴነሲ)፦ የቴነሲ ኮንፍላወር የሚሉት ከሌላው በምን ይለያል?

መልስ፦ በዓለም ላይ በተፈጥሮ የሚበቅለው እናንተ አካባቢ ብቻ ነው፤ በናሽቪል ዙሪያ ባሉ፣ አፈሩ ስስ በሆነ የኖራ ድንጋይ ገላጣ ቦታዎች። ጠፍቷል ተብሎ ነበር፤ በ1960ዎቹ እንደገና ተገኘ፤ በ1979 በፌዴራል መንግሥት የመጥፋት አደጋ ካለባቸው ዝርያዎች መዝገብ ገባ፤ ቦታው ተጠብቆና ቁጥሩ በዝቶ በ2011 ከመዝገቡ ወጣ። የሌሎቹ አበባ ዙሪያ ወደ ታች ሲያዘነብል የእሱ ወደ ላይ ቀና ይላል፤ ፊቱንም ወደ ምሥራቅ ያዞራል። ጥላ አይችልም። ሥሩ እንደ ካሮት ወደ ታች ስለሚወርድ አንዴ ከተከሉት አያንቀሳቅሱት። ከሐምራዊው ጋር በቀላሉ ስለሚዳቀል፣ ንጹሕ ዘር መሰብሰብ ከፈለጉ ሁለቱን አንድ ግቢ ውስጥ አይትከሉ። ችግኙን ከታወቀ የአገር በቀል ተክል ሻጭ ይግዙ፤ ከዱር መንቀል የተገኘውን መልሶ ማጥፋት ነው።

ጥያቄ (ከዚያው ከቨርጂኒያ)፦ የቤት ባለቤቶች ማኅበሩ በኦክቶበር የደረቀውን ሁሉ እጨዱ ይለናል። ይታጨድ?

መልስ፦ ቢቻል እስከ ማርች ይቆይ። ጎልድፊንች የሚባሉት ትንንሽ ቢጫ ወፎች ከኦገስት ጀምሮ እምብርቱ ላይ ተቀምጠው ዘሩን ይፈለፍላሉ። ማኅበሩ ካስገደደ ከመንገድ የሚታየውን ብቻ ያጭዱ፤ ወይም የዘር ራሶቹን ዘንጋቸውን ሳይለቁ አስረው ከጓሮ አጥር ላይ ይስቀሉ፤ ወፎቹ ያገኙታል። አስተር የለውስ ወይም ያቺ ረቂቅ ተባይ የነካችው ተክል ግን አይቆይም፣ ይወገዳል። ለራስዎ ዘር ከፈለጉ እምብርቱ ጠቁሮ ሲደርቅ ጓንት አጥልቀው ይፈልፍሉት፤ ዘሩ ነጣ ያለ፣ አራት ማዕዘን ያለው፣ 4 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። እሾሁ ገለባ ነው። በጥፍር ሲጫኑት የሚታጠፍ ዘር ባዶ ነው። የተዳቀለ ዝርያ ዘር እናቱን እንደማይመስል ግን ይወቁ።

ጥያቄ (ሲያትል፣ ዋሽንግተን)፦ እናቴ ለጉንፋን እንደ ዳማ ከሴ ልታፈላው ትፈልጋለች። ይጠቅማል? ይጎዳል?

መልስ፦ የሰሜን አሜሪካ ሜዳ ነባር ሕዝቦች ሥሩን ለመድኃኒት ሲጠቀሙበት ኖረዋል፤ በየፋርማሲው በክኒንና በሻይ የሚሸጠውም ከዚያ የተነሣ ነው። በ2014 የወጣው የኮክሬን ግምገማ 24 ጥናቶችን አይቶ ጉንፋንን እንደሚያድን አላረጋገጠም፤ ከአንዳንድ ምርቶች መጠነኛ ጥቅም ሊኖር ይችላል ብሎ ነው ያለፈው። ለጤነኛ ሰው ለጥቂት ቀን ሻዩን መጠጣት ብዙም አያሰጋም። ነገር ግን እናትዎ በፎል ራግዊድ በሚባለው አረም ብናኝ የሚያስነጥሳቸው ከሆነ፣ ሰውነት ራሱን የሚያጠቃበት ሕመም ካለባቸው፣ ወይም የበሽታ መከላከያን የሚቀንስ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ሐኪማቸውን ሳይጠይቁ አይቅመሱት። ፀረ ተባይ ከተረጨበት ግቢ ወይም ከአበባ መሸጫ ሰሞኑን የተገዛ ተክልም ለሻይ አይሆንም።

ጥያቄ (ከዚያው ከሲልቨር ስፕሪንግ)፦ ዘሩን አዲስ አበባ ላሉት እህቶቼ ልላክ? ደጋ ስለሆነ ይስማማዋል ብዬ አስባለሁ።

መልስ፦ አየሩ ይስማማው ይሆናል፤ የማይስማማው የቀኑ ርዝመት ነው። ሐምራዊው ኮንፍላወር ለማበብ ከ13 ሰዓት ያላነሰ የቀን ብርሃን ይፈልጋል። ሜሪላንድ በጁን 15 ሰዓት ገደማ ታገኛለች፤ የአዲስ አበባ ረጅሙ ቀን ግን 12 ሰዓት ከ40 ደቂቃ አካባቢ ነው። ስለዚህ ቅጠሉ ለምልሞ መሬት ላይ ተንጠፍጥፎ ይቀመጣል፤ ዘንግ የሚያወጣው ጥቂቱ ነው፣ ያም ካወጣ። በዚያ ላይ ዘር ወደ አገር ለማስገባት የዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት ያስፈልጋል፤ በሻንጣ ደብቆ መላክ በሽታ አብሮ መላክ ሊሆን ይችላል። እህቶችዎ ንብና ቢራቢሮ የሚጠራ አበባ ከፈለጉ አደይ አበባና ሱፍ ለዚያ የቀን ርዝመት የተሠሩ ናቸው፤ ዘራቸውንም እዚያው ያገኙታል።